ዴቪድ አተንቦሮ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ እንግሊዛዊው የዱር እንስሳት ፊልም ሠሪና የቴሌቪዥን አቅራቢ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ቀርበዋል፤ ዓመቶቹ፣ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዴቪድ አተንቦሮ ማን ናቸው?

ከ1950ዎቹ ጀምሮ በቴሌቪዥን ስለ ተፈጥሮ ሲተርኩ የኖሩ እንግሊዛዊ ናቸው። ዝሆን፣ ጉንዳን፣ ዓሣ ነባሪ ወይም አበባ በሚታይበት ፊልም ላይ ከምስሉ ጀርባ የሚሰማው ያ የለዘበ፣ አንዳንዴም ወደ ሹክሹክታ የሚጠጋው ድምፅ የእሳቸው ነው። ስማቸውን ለይቶ የማያውቅ ተመልካች እንኳ ድምፃቸውን አይስትም።

የተወለዱት ሜይ 8 ቀን 1926፣ ማለትም ሚያዝያ 30 ቀን 1918 ዓ.ም.፣ በለንደን አይልዝወርዝ በሚባል ሰፈር ነው። ንግሥት ኤልሳቤጥን በአሥራ ሰባት ቀን ብቻ ነው የሚያንሷቸው። ከ1986 እስከ 1991 ድረስም የንግሥቲቱን ዓመታዊ የገና መልእክት በአዘጋጅነት የሠሩት እኒሁ ሰው ናቸው፤ ከአራዊት ጋር ብቻ የዋሉ ለሚመስለው ሰው ይህ ሳያስገርመው አይቀርም።

የት አደጉ? እንስሳትን መውደድ የጀመሩትስ መቼ ነው?

ያደጉት በሌስተር ከተማ ነው። አባታቸው የዚያ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ኃላፊ ስለነበሩ ቤተሰቡ የሚኖረው በኮሌጁ ግቢ ውስጥ ነበር። ልጁ ዴቪድ በብስክሌት እየሄደ ድንጋይ ይፈለፍል፣ ቅሪተ አካል ይሰበስብ ነበር። የኮሌጁ የእንስሳት ጥናት ክፍል ለትምህርት የሚሆን ኒውት እንደሚፈልግ ሲሰማ (ኒውት እንሽላሊት መሳይ፣ ነገር ግን ከእንቁራሪት ወገን የሚመደብ የኩሬ እንስሳ ነው) አንዱን በሦስት ሳንቲም ሒሳብ አቀርባለሁ ብሎ ተዋዋለ። ኒውቶቹን ይይዝ የነበረው ከዚያው ከጥናት ክፍሉ አጠገብ ካለች ኩሬ እንደነበር ግን ለማንም አልተናገረም።

በ1936 ከታላቅ ወንድማቸው ጋር ሆነው «ግሬይ አውል» የተባለ ሰው በሌስተር ያቀረበውን ንግግር አዳመጡ። ሰውየው የካናዳ ነባር ሕዝብ ተወላጅ ነኝ እያለ፣ የቆዳ ልብስ ለብሶ፣ ቢቨር የተባለው እንስሳ ከምድር እንዳይጠፋ የሚማጸን ተናጋሪ ነበር። ልጁ በንግግሩ ተማረከ። በ1938 ሰውየው ሲሞት ትክክለኛ ስሙ አርቺባልድ ቢሌኒ፣ የትውልድ ቦታውም የእንግሊዟ ሄስቲንግስ ከተማ መሆኑ ተጋለጠ። ማንነቱ የተፈጠረ ነበር፤ ስለ ደኑ ጥፋት የተናገረው ግን እውነት ነበር። ይህን ታሪክ ልብ ብላችሁ ያዙት፤ ስለ ፊልም እውነተኝነት ስንነጋገር ያስፈልገናል።

በ«ጁራሲክ ፓርክ» ፊልም ላይ የሚታዩት ሽማግሌ እሳቸው ናቸው?

አይደሉም። እኒያ ታላቅ ወንድማቸው ሪቻርድ አተንቦሮ ናቸው። ሪቻርድ ተዋናይና የፊልም ዳይሬክተር ሲሆኑ በ1982 የወጣውንና ስምንት የኦስካር ሽልማት ያገኘውን «ጋንዲ» የተባለ ፊልም ያዘጋጁ፣ በ2014 ያረፉ ሰው ናቸው። ዴቪድ ከሦስት ወንድማማቾች መካከለኛው ናቸው።

ሳይንቲስት ናቸው?

በሙያው የተማሩ ናቸው፤ ተመራማሪ ግን አይደሉም። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ክሌር ኮሌጅ የተፈጥሮ ሳይንስ፣ በተለይም ሥነ ምድርና ሥነ እንስሳ አጥንተዋል። ከዚያ በ1947 ለሁለት ዓመት ብሔራዊ ግዳጅ ወደ ባሕር ኃይል ገቡ። ሩቅ አገር አያለሁ ብለው ተስፋ ቢያደርጉም የተመደቡት እዚያው ብሪታንያ ውስጥ፣ በሰሜን ዌልስና በስኮትላንድ የባሕር ዳርቻ ነበር። ሲመለሱም በአንድ አሳታሚ ድርጅት የልጆች ሳይንስ መጻሕፍትን ማረም ጀመሩ፤ ሥራውም ቶሎ ሰለቻቸው።

የብሪታንያ ከፍተኛው የሳይንስ ማኅበር፣ ሮያል ሶሳይቲ፣ በ1983 አባልነት ሰጥቷቸዋል። ይህ የክብር ቦታ የተሰጣቸው ሳይንስን ለሕዝብ ስላደረሱ እንጂ በቤተ ሙከራ ስላገኙት ግኝት አይደለም። እሳቸውም ቢሆኑ ሌሎች የደከሙበትን እውቀት የሚያስተላልፉ ሰው መሆናቸውን ደጋግመው ይናገራሉ።

ወደ ቴሌቪዥን እንዴት ገቡ?

በእምቢታ በኩል። በ1950 ለቢቢሲ ሬዲዮ ሥራ አመልክተው አልተቀበሏቸውም። ማመልከቻቸው ግን ገና ዳዴ በሚለው የቴሌቪዥን ክፍል በኃላፊነት ይሠሩ ከነበሩት ከሜሪ አዳምስ እጅ ደረሰ፤ እሳቸውም ለሥልጠና ጠሯቸው። አተንቦሮ በዚያን ጊዜ ቤታቸው ቴሌቪዥን አልነበራቸውም፤ በሕይወታቸው ያዩትም አንድ ፕሮግራም ብቻ ነበር። በ1952 ቋሚ ሠራተኛ ሆኑ። አዳምስ ግን ከካሜራ ፊት ባይቆሙ ይሻላል የሚል አስተያየት ነበራቸው፤ ምክንያቱ ደግሞ ጥርሳቸው ትልቅ ነው የሚል ነበር።

ከካሜራ ፊት ያወጣቸው የሌላ ሰው ሕመም ነው። በ1954 «ዙ ኴስት» የሚባል ተከታታይ ፕሮግራም ተጀመረ። ሐሳቡ የለንደን መካነ እንስሳት ባለሙያዎች ብርቅ እንስሳትን ለመያዝ ሲጓዙ አብሮ ሄዶ መቅረጽ ነበር። የመጀመሪያው ጉዞ ወደ ሲዬራ ሊዮን ሆነ፤ ዋናው ግብም ፒካታርቴስ የተባለች፣ ራሷ ላባ የሌለው፣ በዓለት ጥግ በጭቃ ጎጆዋን የምትሠራ ወፍ ማግኘት ነበር። አቅራቢ እንዲሆኑ የታሰቡት የመካነ እንስሳቱ የተሳቢ እንስሳት ኃላፊ ጃክ ሌስተር ነበሩ። እሳቸው ሲታመሙ አዘጋጁ አተንቦሮ ተተኩ፤ ከዚያ ወዲያ ከመቀመጫው የሚያነሳቸው አልተገኘም። በ1956 ደግሞ ወደ ኢንዶኔዥያ ተሻግረው የኮሞዶን ግዙፍ እንሽላሊት ለእንግሊዝ ተመልካች አሳዩ።

ዛሬ እነዚያን ክፍሎች የሚያይ ሰው መሸማቀቁ አይቀርም። እንስሳው ይታደናል፣ በሣጥን ይታሸጋል፣ ወደ ለንደን ይጫናል። በዚያ ዘመን ግን መካነ እንስሳት የሚሞላው እንዲህ ነበር፤ አተንቦሮም ዛሬ ቢሆን ማንም እንደማይፈቅደው በግልጽ ይናገራሉ። አንድ ደስ የሚል ነገር ልጨምር፦ ፕሮግራሙ የታየው በጥቁርና ነጭ ቢሆንም ፊልሙ የተቀረጸው በባለቀለም ጥቅል ነበር። ይህ ለረጅም ጊዜ ተረስቶ ቆይቶ፣ ዘጠናኛ ዓመታቸው በተከበረበት በ2016 ተመልካች ለመጀመሪያ ጊዜ በቀለም አየው።

የቢቢሲ አለቃ ነበሩ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ብዙ ሰው የማያውቀው የሕይወታቸው ምዕራፍም ይህ ነው። በ1965 የቢቢሲ ሁለተኛው ጣቢያ ኃላፊ ሆኑ። ጣቢያው ገና አንድ ዓመቱ ነበር፤ ተመልካቹም ጥቂት። በእሳቸው ዘመን፣ ጁላይ 1967፣ የዊምብልደን የቴኒስ ውድድር በቀለም ተሠራጨ፤ ቢቢሲም በአውሮፓ መደበኛ የባለቀለም ሥርጭት የጀመረ የመጀመሪያው ጣቢያ ሆነ። ስኑከር በቴሌቪዥን እንዲታይ ያደረጉትም ለዚሁ ነው፤ ኳሶቹ በቀለም ብቻ የሚለዩበት ጨዋታ ለአዲሱ ቴክኖሎጂ ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ አልነበረውም።

ከዚህ ሁሉ የላቀው አስተዋጽኦአቸው ግን አንድ የፕሮግራም ቅርጽ ማስለመዳቸው ይመስለኛል። አንድ አዋቂ ሰው አንድን ትልቅ ርዕስ ይዞ፣ ከአገር አገር እየተጓዘ፣ በአሥራ ሦስት ክፍል እንዲተርክ ማድረግ ነው። በ1969 የታየው የኬኔት ክላርክ የሥነ ጥበብ ታሪክ ለዚህ በር ከፈተ። አተንቦሮ ሌሎች እንዲሠሩበት ያመቻቹትን ቅርጽ ቆይተው ለራሳቸው ተጠቀሙበት። ወደ ቢቢሲ ዋና ሥራ አስኪያጅነት ይወጣሉ እየተባለ ሲወራ በ1973 መጀመሪያ ላይ ኃላፊነቱን ለቀው ወደ ጫካቸው ተመለሱ።

ዝናቸውን ያገኙት በየትኛው ሥራ ነው?

በ1979 በታየው «ላይፍ ኦን ኧርዝ» ነው። ሕይወት ከነጠላ ሕዋስ ተነሥቶ እስከ ሰው ልጅ የመጣበትን መንገድ በአሥራ ሦስት ክፍል የተረከ ሥራ ነበር። በዓለም ዙሪያ አምስት መቶ ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳየው ይገመታል።

ከዚያ ሁሉ ውስጥ ሰው የሚያስታውሰው አንድ ትዕይንት ነው። በ1978 መጀመሪያ ላይ የቀረጻ ቡድኑ በሩዋንዳ ቪሩንጋ ተራሮች ዳያን ፎሲ ወደምታጠናቸው የተራራ ጎሬላዎች ወጣ። ዕቅዱ አተንቦሮ ከጎሬላዎቹ አጠገብ ሆነው ስለ አውራ ጣት ጥቅም እንዲያስረዱ ነበር። ይሁንና ትልቋ እንስት ዘወር ብላ ዓይን ዓይናቸውን ስታያቸው የተዘጋጀውን ንግግር ተዉትና፣ ከጎሬላ ጋር መተያየት ከማውቀው ከማንኛውም እንስሳ ይልቅ የመግባባት ስሜት ይሰጣል የሚል ሐሳብ በሹክሹክታ ተናገሩ። ቀጥሎም ግልገሎቹ እላያቸው ላይ ተጫወቱ፤ ጫማቸውን ሊያወልቁም ሞከሩ።

የዚህ ታሪክ ሌላ ገጽ ብዙም አይወራም። ቡድኑ እዚያ የደረሰው ፎሲ በጣም የምትወደው ዲጂት የተባለ ወንድ ጎሬላ በአዳኞች በተገደለ በጥቂት ቀናት ውስጥ ነበር። ፎሲ በዚያን ጊዜ ታማ ነበር፤ ለጎሬላዎቹ እንዲደርሱላቸው አተንቦሮን ለመነቻቸው። እሳቸውም ለንደን ሲመለሱ የጥበቃ ማኅበራትን አነጋገሩ፤ ገንዘብ ማሰባሰብም ተጀመረ። ፎሲ ራሷ በ1985 እዚያው ጎጆዋ ውስጥ ተገድላ ተገኘች። የተራራ ጎሬላዎች ቁጥር ግን፣ ያኔ ይጠፋሉ የተባሉት፣ ዛሬ ከአንድ ሺህ በላይ ሆኗል።

ፊልሞቹን የሚቀርጹት ራሳቸው ናቸው?

አይደሉም፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሥራዎቻቸው ሁለት ወገን ናቸው። በአንደኛው ወገን ያሉት እሳቸው ያሰቧቸው፣ የጻፏቸውና ቦታው ድረስ ሄደው ያቀረቧቸው ናቸው፦ «ላይፍ ኦን ኧርዝ»፣ በ1984 «ዘ ሊቪንግ ፕላኔት»፣ በ1990 «ዘ ትራያልስ ኦፍ ላይፍ»፣ በ1995 ስለ ዕፅዋት የሠሩት፣ በ1998 ስለ አእዋፍ፣ በ2005 ስለ ነፍሳት፣ በ2008 ስለ ተሳቢዎችና እንቁራሪቶች። በሌላው ወገን ያሉት ደግሞ ሌሎች አዘጋጅተዋቸው እሳቸው በአብዛኛው በድምፅ ብቻ የተሳተፉባቸው ናቸው፤ የ2001ዱ «ብሉ ፕላኔት» እና የ2006ቱ «ፕላኔት ኧርዝ» ከእነዚህ ይመደባሉ። አሜሪካ ውስጥ «ፕላኔት ኧርዝ»ን የተረከችው ተዋናይቷ ሲገርኒ ዊቨር ነበረች፤ ያው ምስል በሌላ ሰው ድምፅ ታየ ማለት ነው።

ስለዚህ የበረዶ ነብር በፓኪስታን ተራሮች ላይ አውሬ ሲያባርር ስታዩ፣ ያን ምስል ለማግኘት በብርድ ተደብቀው ወራት የፈጁት የካሜራ ባለሙያዎች ናቸው። በቦትስዋና ኦካቫንጎ ተኩላዎች ሲያድኑ ከሰማይ የሚያሳየው ቀረጻ የተገኘው ንዝረትን የሚያጠፋ ካሜራ ሄሊኮፕተር ላይ በመትከል ነው፤ ካሜራው ከሩቅ አጉልቶ ስለሚያይ እንስሳቱ በሄሊኮፕተሩ ድምፅ አይደነግጡም። «ፕላኔት ኧርዝ» በጠቅላላው አምስት ዓመት ያህል ፈጅቷል። የቀራጮቹ ስም በፊልሙ መጨረሻ በፍጥነት እያለፈ ሲወርድ አብዛኞቻችን ጣቢያ ቀይረናል። አተንቦሮ በዚህ ጉዳይ ሐሰተኛ ትሕትና የላቸውም፤ ምስጋናው ለእነሱ እንደሚገባ በየአጋጣሚው ይናገራሉ። የእሳቸው ብልሃት ሌላ ነው፦ ምስሉ የሚናገረውን በቃል አለመድገም፣ ዝም ማለት ባለባቸው ቦታ ዝም ማለት።

ኢትዮጵያ በፊልሞቹ ውስጥ አለች?

አለች፤ ያውም በትልቁ። የ«ፕላኔት ኧርዝ» ሁለተኛ ክፍል፣ ስለ ተራሮች የሚናገረው፣ የሚከፈተው በአፋር በኤርታሌ ነው። ተራራ እንዴት እንደሚወለድ ለማስረዳት ከሚንተከተክ የቀለጠ ዓለት የተሻለ መነሻ ከየት ይገኛል? ካሜራው ከዚያ ወደ ሰሜን ተራሮች ይወጣና ጭላዳዎቹን ያሳያል፤ በመቶዎች ሆነው ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጠው ሣር ሲነጩ። ከዝንጀሮ ወገን ምግቡ ሙሉ በሙሉ ሊባል በሚችል ደረጃ ሣር የሆነው ጭላዳ ብቻ ነው፤ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭም በዱር የትም አይገኝም። ዋልያዎችም ከጭላዳዎቹ ጋር አብረው ሲግጡ ይታያሉ፤ ቀይ ቀበሮ ሲመጣ አንዱ ለሌላው ማስጠንቀቂያ ይሆናል።

በዚህ ተከታታይ ፊልም አተንቦሮ ተራኪ ብቻ ስለነበሩ በትዕይንቱ ላይ አይታዩም። ለእኛ ተመልካች የሚቆረቁረው ሌላ ነገር ነው። ትዕይንቱ የሰሜን ተራሮችን ሰው አልባ አድርጎ ያሳያል። በእውነቱ ግን በፓርኩ ዙሪያ ገብስ ይዘራል፣ ከብት ይሰማራል፣ የጭላዳው ግጦሽና የገበሬው ማሳ ይጋጫሉ። የዱር እንስሳት ፊልም ሰውን ከምስሉ የማውጣት የቆየ ልማድ አለው፤ እኔ በበኩሌ ከውበቱ ጋር አብሮ የሚመጣ ትልቁ ጉድለቱ ይህ ነው እላለሁ።

«ሰር» የሚባሉት ለምንድን ነው? በስማቸው የተሰየሙስ ነገሮች አሉ?

በ1985 ንግሥቲቱ የክብር ማዕረግ ስለሰጧቸው ነው፤ በ2020ም ሁለተኛና ከፍ ያለ ማዕረግ ተጨመረላቸው። በስማቸው የተጠሩት እንስሳት፣ ዕፅዋትና ቅሪተ አካላት ከአርባ በላይ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ በኢንዶኔዥያ ፓፑዋ የሚኖረው፣ እንቁላል እየጣለ ግልገሉን የሚያጠባው ሾኻማ እንስሳ ነው፤ ለስልሳ ዓመት ያህል ሳይታይ ቆይቶ በ2023 በተተከለ ካሜራ ተቀርጾ ተገኝቷል። የብሪታንያ የዋልታ ምርምር መርከብም ስማቸውን ይዟል። በዚህ መርከብ ላይ በ2016 ሕዝብ በኢንተርኔት ስም እንዲያወጣ ሲጠየቅ ያሸነፈው የቀልድ ስም ነበር፤ መንግሥት ቀልዱን ለአንዲት ትንሽ የባሕር ውስጥ መሣሪያ ሰጥቶ መርከቡን በአተንቦሮ ሰየመው።

በፊልሞቹ የምናየው ሁሉ እውነት ነው ወይስ የተቀናበረ?

እንስሳቱ እውነተኛ ናቸው፤ ባህርያቸውም እውነት ነው። ታሪኩ ግን የሚሠራው በቅንብር ክፍል ነው። በ2016 ዓለም ጉድ ያለለት የጋላፓጎስ ትዕይንት ጥሩ ምሳሌ ነው፦ ከአሸዋ የወጣች ግልገል የባሕር ኢጓና (እንሽላሊት መሳይ ተሳቢ) በእባቦች መንጋ መካከል ሮጣ ታመልጣለች። አዘጋጆቹ ቆይተው እንደተናገሩት ትዕይንቱ የተገጣጠመው ከተለያዩ ግልገሎች ሩጫ ነው። እባቦቹ ነበሩ፣ ሩጫው ነበር፣ ማምለጡም ነበር፤ «አንዷ ግልገል» ግን አልነበረችም። ድምፁም እንዲሁ ነው። ግማሽ ኪሎ ሜትር ርቆ በቆመ ካሜራ የተቀረጸ እንስሳ የእግሩ ኮሽታ ሊሰማ አይችልም፤ ብዙው ድምፅ በስቱዲዮ ውስጥ በባለሙያ የሚፈጠር ነው።

ትልቁ ውዝግብ የተነሣው በ2011 ነው። «ፍሮዝን ፕላኔት» ላይ የዋልታ ድብ በበረዶ ዋሻ ውስጥ ግልገሎቿን ስታጠባ ይታያል፤ ቀረጻው ግን የተገኘው ከኔዘርላንድስ መካነ እንስሳት ነበር። ጋዜጦች ሲጮኹ ቢቢሲ በድረ ገጹ ላይ ገልጬው ነበር አለ፤ አተንቦሮም በዱር ባለ የድብ ዋሻ ካሜራ ማስገባት ወይ ግልገሎቹን ወይ ቀራጩን ማስገደል ነው ብለው ተከላከሉ። ምክንያቱ አሳማኝ ነው። ሆኖም ፊልሙን ካዩት ሚሊዮኖች ውስጥ ድረ ገጹን የከፈተው ስንቱ ነው? አንድ ዓረፍተ ነገር በትረካው ውስጥ መጨመር የሚከለክል ነገር አልነበረም። የቆዳ ልብስ ለባሹ ግሬይ አውል ትዝ የሚለኝ እዚህ ላይ ነው፤ መልእክቱ እውነት መሆኑ የአቀራረቡን ጥያቄ አይሰርዘውም።

በእግዚአብሔር ያምናሉ?

አለ ወይም የለም ብዬ ለመደምደም የሚያስችለኝ ነገር የለም የሚል አቋም አላቸው። ፍጥረትን ይህን ያህል እያደነቁ ፈጣሪን ለምን አያመሰግኑም የሚል ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ይደርሳቸው ነበር። የሚሰጡት መልስም ይታወቃል፦ ደብዳቤ ጸሐፊዎቹ የሚጠቅሱት ሁልጊዜ አበባንና ቆንጆ ወፍን ነው፤ እኔ ግን በምዕራብ አፍሪካ በወንዝ ዳር የሚኖር ሕፃን ዓይን ውስጥ እየቦረቦረ የሚያሳውረውን ትልም አስባለሁ ይላሉ።

አማኝ አንባቢ ይህን መልስ ላይቀበለው ይችላል፤ በእኛም ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ የቆየ ምላሽ አለ። ሰውየው ግን በሃይማኖት ላይ ዘመቻ የከፈቱ አይደሉም። ዝግመተ ለውጥ በትምህርት ቤት መማር አለበት በሚለው ላይ ግን አይደራደሩም።

ስለ አየር ንብረት ለውጥ ለመናገር ዘግይተዋል ይባላል፤ እውነት ነው?

ወቀሳው መሠረት አለው። የሰው ልጅ የምድርን ሙቀት እየለወጠ ነው የሚለውን ለረጅም ጊዜ በጥርጣሬ ይመለከቱት ነበር። አሜሪካዊው የከባቢ አየር ሳይንቲስት ራልፍ ሲሰሮኒ በ2004 ያቀረቡት ንግግርና ያሳዩት ሰንጠረዥ እንዳሳመናቸው ራሳቸው ተናግረዋል፤ በ2006 በጉዳዩ ላይ ፕሮግራም አቀረቡ። ሳይንቲስቶች ማስጠንቀቅ ከጀመሩ ያኔ ዓመታት አልፈው ነበር። በ2018ም የጋርዲያን አምደኛ ጆርጅ ሞንቢዮ፣ ተፈጥሮ እየወደመ ሳለ ያልተነካ ገነት አስመስለው ሲያሳዩን ኖሩ ሲል ጽፎባቸዋል።

ከ2017 ወዲህ ግን ሌላ ሰው ሆኑ ማለት ይቻላል። «ብሉ ፕላኔት ሁለት» ላይ አልባትሮስ የተባለችው ወፍ ጫጩቶቿን ፕላስቲክ ስትመግብ መታየቷ በብሪታንያ ክርክር ቀሰቀሰ። በ2019 በቢቢሲ፣ በ2020 ደግሞ በኔትፍሊክስ በቀጥታ ስለ ጥፋቱ የሚናገሩ ፊልሞች አወጡ፤ በ2021 በግላስጎው የአየር ንብረት ጉባኤ ለዓለም መሪዎች ንግግር አደረጉ። ቀደም ብለው ቢናገሩ ኖሮ ያው ተመልካች ይሰማቸው ነበር ወይስ ጣቢያ ይቀይር ነበር? እሳቸው የሚመልሱት፣ ሰው የማያውቀውን ነገር ሊጠብቅ አይችልም፣ መጀመሪያ ማስወደድ ይቀድማል በሚል ነው። ግማሽ እውነት ይመስለኛል፤ ሁለቱን አብሮ ማድረግ እንደሚቻል ኋላ ላይ የሠሯቸው ፊልሞች ራሳቸው ያሳያሉ።

ስለ ኢትዮጵያ ረሃብ የተናገሩት ምንድን ነው? ትክክልስ ነበሩ?

በ2013 ለእንግሊዙ ቴሌግራፍ ጋዜጣ በሰጡት ቃለ መጠይቅ የኢትዮጵያ ረሃብ መንስኤው ለጥቂት መሬት የበዛ ሕዝብ መሆኑን፣ የተባበሩት መንግሥታት ዱቄት በከረጢት መላኩም ከንቱ ሞኝነት መሆኑን ተናገሩ። ንግግሩ ከየትም የመጣ አልነበረም፤ ከ2009 ጀምሮ የሕዝብ ቁጥር እንዲቀንስ የሚሟገት የብሪታንያ ድርጅት የበላይ ደጋፊ ናቸው።

የመሬት ጥበት የለም ማለት አይቻልም። በወሎም በጎጃምም በትግራይም ያለ ወጣት ገበሬ ከአባቱ የሚደርሰው ማሳ ስንት ጥማድ እንደሆነ ያውቀዋል። ረሃብን በዚህ ብቻ ማስረዳት ግን ታሪኩን አለማወቅ ነው። በ1966 ዓ.ም. ስለተጋለጠው የወሎ ረሃብ የኢኮኖሚ ሊቁ አማርትያ ሴን ያደረጉት ጥናት የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ያን ያህል አለመቀነሱን፣ በደሴ የእህል ዋጋ እንኳ እምብዛም አለመናሩን አሳይቷል። እህል ነበር፤ ከብቱ ያለቀበትና ማሳው የደረቀበት ሰው መግዣ አልነበረውም፤ መንግሥትም ረሃቡን ደብቆ ነበር። የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ደግሞ ድርቅ ከጦርነትና ከመንግሥት ፖሊሲ ጋር የተደራረበበት ነው። ያን እልቂት በኦክቶበር 1984 ለዓለም ያሳየው የአተንቦሮ መሥሪያ ቤት፣ ቢቢሲ ራሱ፣ መሆኑ ነገሩን ይበልጥ ያሳዝናል።

ከሁሉ የሚበልጠው መከራከሪያ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በ1984 በተደረገው ቆጠራ የኢትዮጵያ ሕዝብ አርባ ሁለት ሚሊዮን ግድም ነበር። በኤልኒኞ ምክንያት በ2015 እና 2016 በአሥርት ዓመታት ውስጥ ካየናቸው ድርቆች ከከፉት አንዱ ሲመጣ ሕዝቡ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ ከአሥር ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው የምግብ ርዳታ ፈልጓል፤ እንደ ሰባ ሰባቱ ያለ እልቂት ግን አልደረሰም። መሬቱ አልሰፋም። የተለወጠው መንገዱ፣ የቅድመ ማስጠንቀቂያው ሥርዓት፣ ከ2005 ጀምሮ የተዘረጋው ሴፍቲኔት፣ እንዲሁም ያው የተናቀው ከረጢት በጊዜ መድረሱ ነው።

አተንቦሮ ኋላ ላይ አነጋገራቸውን አለዝበዋል። በ2020 ፊልማቸው የሕዝብ ዕድገት የሚረጋጋው ሰው ከድህነት ሲወጣ፣ ሕክምና ሲያገኝና ሴት ልጆች ትምህርት ቤት ሲቆዩ ነው ይላሉ፤ በዚህ የሚቃወማቸው ኢትዮጵያዊ ብዙ አይመስለኝም። የምድርን ሙቀት በተመለከተ ግን የሰው ብዛት ቆጠራ ወዴት እንደሚያደርስ ለማየት አንድ ነገር ይበቃል፤ አንድ እንግሊዛዊ በአማካይ በዓመት የሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አንድ ኢትዮጵያዊ ከሚለቀው ከሃያ እጥፍ በላይ ነው።